የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ከጡት ቅነሳ ቀዶ ሕክምና በኋላ የመዳሰስ ስሜት ይመለሳል?

ስለ ጡት ቅነሳ ቀዶ ሕክምና ለዚህ ዓምድ የሚደርሱን ደብዳቤዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቁት ስለ ጠባሳ፣ ስለ ቅርጽና ስለ ሕመም ነበር። በዚህ እትም ያሰባሰብናቸው አምስት ደብዳቤዎች ግን የሚያተኩሩት በጡት ቆዳና በጡት ጫፍ የመዳሰስ ስሜት ላይ ነው፤ ይቀራል ወይስ ይጠፋል፣ ከጠፋስ መቼና ምን ያህል ይመለሳል የሚሉ ናቸው። በጠያቂዎቹ ፍላጎት መሠረት ስማቸውን አላወጣንም። ይህን ጥያቄ በምርመራ ክፍል ውስጥ አፍ አውጥቶ መጠየቅ ለብዙ ሴቶች እንደሚከብድ አውቃለሁ፤ እኛም ሐኪሞች ብዙ ጊዜ በአንድ ዓረፍተ ነገር እናልፈዋለን። ስለዚህ በተለይ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ደብዳቤዎች ሰፋ አድርጌ መልሻለሁ።

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የ36 ዓመት ሴት ነኝ። ከጡቴ ክብደት የተነሣ አንገቴንና ትከሻዬን ለዓመታት ሲያመኝ ስለቆየ ለማስቀነስ ወስኛለሁ። ሁለት የቀዶ ሕክምና ሐኪሞችን አማክሬአለሁ። አንደኛው ጠባሳው የመልሕቅ ቅርጽ ይዞ ከጡቴ ሥር ጭምር እንደሚሄድ፣ ሌላኛው ደግሞ ከጫፉ ወደ ታች ቀጥ ብሎ የሚወርድ አንድ መስመር ብቻ እንደሚሆን ነገሩኝ። ስለ ስሜቱ ስጠይቃቸው ሁለቱም «አብዛኛውን ጊዜ ይመለሳል» ብለው አለፉት። ጠባሳው ባነሰ ቁጥር የሚጎዳው ነርቭም ያንሳል ማለት ነው? የትኛውን ልምረጥ?

መልስ፦ «አብዛኛውን ጊዜ ይመለሳል» መባሉ ሐሰት ባይሆንም ለጠየቁት ነገር መልስ አይሆንም። ሁለቱ ሐኪሞች የነገሩዎት ስለ ቆዳው አቆራረጥ ነው። የጫፉን ስሜት በዋናነት የሚወስነው ግን ከቆዳው ሥር የሚሠራው ሥራ ነው፤ ይኸውም የጡቱ ጫፍ ወደ አዲሱ ቦታው ከፍ ሲደረግ በየትኛው አቅጣጫ ከሥጋው ጋር እንደተያያዘ ይቀራል የሚለው ነው። ጫፉን ከነደም ሥሩና ከነነርቩ ይዞ ሳይቆረጥ የሚቀረውን ይህን የጡት ሥጋ የሙያው ሰዎች ፔዲክል ይሉታል። የመልሕቅ ቅርጽ ያለው ጠባሳ ፔዲክሉ ከታች ለሆነም፣ ከላይና ከውስጥ ጎን (ማለት ከደረት መካከል በኩል) ለሆነም ቀዶ ሕክምና ሊያገለግል ይችላል፤ ቀጥ ያለው መስመርም እንዲሁ ነው። ስለዚህ የሁለት ሴቶች ጠባሳ ከውጭ ሲያዩት አንድ ዓይነት ሆኖ ሳለ ከውስጥ የተሠራላቸው ሥራ ፈጽሞ የተለያየ ሊሆን ይችላል።

ነርቮቹ የሚመጡበትን መንገድ ካወቁ የቀረው ሁሉ በቀላሉ ይገባዎታል። የጡት ጫፍና በዙሪያው ያለው ጠቆር ያለ ክብ ስሜታቸውን የሚያገኙት በጎድን አጥንቶች መካከል ከሚያልፉት ከ3ኛው፣ ከ4ኛውና ከ5ኛው ነርቮች ነው። እነዚህ ነርቮች ወደ ጡት የሚልኳቸው ቅርንጫፎች ሁለት ዓይነት ሲሆኑ፣ አንዱ ከብብት በታች ባለው ጎን፣ ሌላው በደረት መካከል ካለው አጥንት አጠገብ ይወጣል። ከመካከል የሚመጡት ከቆዳው ሥር ባለው ስብ ውስጥ ላይ ላዩን ተጉዘው የክቡ ውስጠኛ ጠርዝ ላይ ይደርሳሉ። ከጎን የሚመጡት ግን፣ በተለይም ከሁሉም ይልቅ በቋሚነት የሚገኘው የ4ኛው ነርቭ ቅርንጫፍ፣ በደረት ጡንቻ ሽፋን ውስጥ ተጋድመው ከሄዱ በኋላ በጡቱ ሥጋ መካከል ወደ ፊት ታጥፈው ጫፉን ከጀርባው ያገኙታል። እ.ኤ.አ. በ2000 የታተመና በ28 ሴቶች አስከሬን ላይ የተደረገ ጥናት ከጎን የሚመጡት ቅርንጫፎች ይህን ጥልቅ መንገድ የሚከተሉት በ93 በመቶው እንደሆነ አሳይቷል። ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ ኤሊዛቤት ዉሪንገር የተባሉ የቪየና ሐኪም፣ በ5ኛው የጎድን አጥንት ከፍታ ከደረት ግድግዳ ተነሥቶ እስከ ጫፉ የሚዘልቅ ስስ አግድም መጋረጃ በጡት ውስጥ እንዳለና ነርቩም ሆነ የደም ሥሩ በዚሁ መጋረጃ ታቅፈው እንደሚጓዙ ገልጸው ነበር።

አሁን ወደ ስልቶቹ እንምጣ። ፔዲክሉ ከታች ወይም ከመካከል ሲሆን ጫፉ ከጡንቻው ጋር በተያያዘው ሥጋ ላይ እንደተቀመጠ ስለሚቀር፣ በጥልቁ መንገድ የሚመጣው ነርቭ የመትረፍ ዕድሉ ሰፊ ነው። ፔዲክሉ ከላይ ብቻ ሲሆን ግን ሐኪሙ ቆርጦ የሚያወጣው ከጡቱ መሠረትና ከጫፉ በስተጀርባ ያለውን ሥጋ ስለሆነ፣ ነርቩ የሚያልፍበት ቦታ አብሮ ይነካል። እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመ አንድ ጥናት አምስት ስልቶችን አነጻጽሮ፣ የእያንዳንዷን ሴት ስሜት ከቀዶ ሕክምናው በፊትና በኋላ በመለካት፣ ስሜቱ ጎልቶ የቀነሰው ከላይ በሚመጣ ፔዲክል በተሠራላቸው ሴቶች ላይ መሆኑን አግኝቷል። ይህ ስልቱን መጥፎ አያሰኘውም፤ የሚወጣው ሥጋ አነስተኛ ሲሆን ለጡቱ የላይኛ ክፍል የሚሰጠው ቅርጽ መልካም ስለሆነ ብዙዎች በትክክል ይመርጡታል። ብዙ ሥጋ መውጣት ካለበትና የጫፍዎ ስሜት ለእርስዎ ትልቅ ቦታ ካለው ግን ደግሞ ደጋግሞ መጠየቅ የሚገባው ስልት ነው።

ከውስጥ ጎን፣ ወይም ከላይና ከውስጥ ጎን አንድ ላይ የሚመጣው ፔዲክል ዛሬ በብዙ ሐኪሞች ዘንድ የተለመደ ነው። ከደረት መካከል የሚመጡትን ላይ ላዩን የሚሄዱ ነርቮች ይዞ ያቆያል፤ መሠረቱ ወፈር ተደርጎ ከተተወም ከጥልቁ ነርቭ የተወሰነው ሊተርፍ ይችላል። ከውስጥ ጎን የሚመጣውን ከታች ከሚመጣው ጋር በልኬት ያነጻጸሩ ሐኪሞች በስሜት ረገድ ጎላ ያለ ልዩነት አላገኙም። ከውጭ ጎን የሚመጣው ፔዲክል ዋናውን የ4ኛውን ነርቭ በቀጥታ የሚይዝ ሲሆን፣ ችግሩ ግን አብዛኛውን ጊዜ መቀነስ ያለበት ሥጋ የሚገኘው በዚያው ጎን መሆኑ ነው። ስብን በቱቦ በመምጠጥ ብቻ የሚደረገው ቅነሳ ጫፉን ከቦታው ስለማያነሣው ስሜቱን በብዛት ሳይነካ ይተወዋል፤ ነገር ግን የወረደን ጡት ከፍ አያደርግም፣ ሥጋው ከስቡ ለሚበዛ ጡትም አይሆንም።

እንግዲህ ከሁለቱ ሐኪሞች አንዱን ከመምረጥዎ በፊት ተመልሰው እንዲጠይቋቸው የምመክርዎት ይህ ነው፦ ለእኔ ያሰቡት ፔዲክል ከየት የሚመጣ ነው? ከእያንዳንዱ ጡት ምን ያህል ግራም ይወጣል ብለው ይገምታሉ? በውጭው ጎን በጡንቻው ሽፋን ላይ ያለውን ስስ የሥጋ ንጣፍ ይተዋሉ ወይስ እስከ ጡንቻው ድረስ ያጸዱታል? የመጨረሻው ጥያቄ ከሁሉም ይበልጣል ብዬ አምናለሁ፤ ምክንያቱም በጥሩ ስም የሚጠራ ስልት እንኳ ያ ንጣፍ ከተገፈፈ ነርቩን ሊያድነው አይችልም። ጥያቄው የገባው ሐኪም ወረቀት አውጥቶ ሥዕሉን ይሥልልዎታል።

አንድ ነገር ልጨምር። በጣም ትልቅ የሆነ ጡት ከቀዶ ሕክምናው በፊትም ቢሆን ስሜቱ ከትንሽ ጡት ያነሰ ሆኖ ብዙ ጊዜ ይገኛል፤ ለዚህ የሚሰጠው ምክንያት ነርቮቹ በክብደቱ ተስበው መቆየታቸውና ያው የነርቭ ቁጥር በሰፊ ቆዳ ላይ መበተኑ ነው። በዚህ ምክንያት ክብደቱ ሲቀንስላቸው ስሜታቸው ከቀድሞው የሚሻሻል ሴቶች አሉ። የእርስዎም ስሜት ከቀዶ ሕክምናው በፊት ተለክቶ እንዲጻፍልዎ ይጠይቁ፤ ካልተለካ በኋላ ምን እንደጠፋና ምን እንደተመለሰ ለማወቅ መነሻ አይኖርም።

ጥያቄ፦ ጡቴን ካስቀነስሁ 4 ወር ሆነኝ። የቀኙ ጫፍ ሙሉ በሙሉ ደንዝዟል፤ ስነካው የሌላ ሰው ገላ የምነካ ይመስለኛል። የግራው ደግሞ በተቃራኒው ልብስ ሲነካው ያቃጥለኛል፤ ሌሊት እንደ ኤሌክትሪክ ያለ ነገር ነዘር አድርጎኝ ከእንቅልፌ ያነቃኛል። ከጡቴ በታች ያለው ቆዳም እንደ ካርቶን ሆኖብኛል። የቀኙ ጫፍ ሞቶ ይሆን? ሁለቱ ጡቶቼ በአንድ ሐኪም፣ በአንድ ቀን ተሠርተው ለምን ተለያዩ? የነርቭ ቫይታሚን መውሰድ ጀምሬአለሁ፤ ትክክል ነው?

መልስ፦ ከሚያስፈራዎት ልጀምር። መደንዘዝና መሞት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ጫፉን በሕይወት የሚያኖረው ደም ነው፤ ደሙ ተቋርጦ ቢሆን ኖሮ በመጀመሪያዎቹ ቀናትና ሳምንታት ጫፉ ጠቁሮ፣ ቀዝቅዞ፣ ቆስሎና ቅርፊት ሠርቶ ይታይ ነበር። ከ4 ወር በኋላ ቆዳው ሙሉ፣ ሙቀቱም እንደ ሌላው ገላዎ ከሆነ ጫፉ በሕይወት አለ፤ የተጎዳው ነርቩ ነው።

ነርቭ ደግሞ ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት መንገድ አይጎዳም። ኸርበርት ሴደን የተባሉት እንግሊዛዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1943 በሦስት የከፈሉት አከፋፈል እስከ ዛሬ ያገለግላል። በመጀመሪያው ዓይነት ነርቩ ይጨመቃል ወይም ይሳባል እንጂ የውስጥ ክሩ አይበጠስም፤ ሥራውን ለጊዜው ያቆምና በሳምንታት፣ ቢዘገይ በሁለትና በሦስት ወራት ውስጥ ይመለሳል። በሁለተኛው ዓይነት የውስጥ ክሩ ተበጥሶ የውጭ ሽፋኑ ሳይበጠስ ይቀራል፤ ያኔ ከጉዳቱ ወዲያ ያለው ክር ከስሞ፣ አዲሱ ክር ከጤነኛው ጫፍ ተነሥቶ በዚያው ባዶ ሽፋን ውስጥ በቀን 1 ሚሊ ሜትር ያህል ያድጋል። በሦስተኛው ዓይነት ሽፋኑም ጭምር ተቆርጦአል፤ የሚያድገው ክር መንገዱን የሚያገኘው በዕድል ነው። በአንድ ጡት ውስጥ ሦስቱም ዓይነት ጎን ለጎን ሊኖሩ ይችላሉ።

ሂሳቡን እንሥራው። ነርቩ የተጎዳው ከጫፉ 10 ሴንቲ ሜትር ርቆ ከሆነ፣ በቀን 1 ሚሊ ሜትር ማለት 100 ቀን ነው፤ ማደግ ከመጀመሩ በፊት የሚያልፉት ሳምንታትና ከደረሰ በኋላ ከቆዳው ጋር ለመያያዝ የሚወስደው ጊዜ ሲጨመርበት ከ4 ወር በላይ ይሆናል። ስለዚህ በ4ኛው ወር የቀኙ ጫፍ ገና መደንዘዙ ተስፋ የሚያስቆርጥ አይደለም። ለውጡ አብዛኛውን ጊዜ እስከ 12 ወር፣ በአንዳንዶች እስከ 18 ወርና ከዚያም በኋላ ይቀጥላል፤ ከዚያ ወዲያ የሚጨመረው ግን ትንሽ ነው። ሁሉም ይመለሳል ብዬ ቃል ልሰጥዎት አልችልም፤ አንዳንድ ሴቶች በአንድ በኩል ወይም በሁለቱም በኩል ከቀድሞው የቀነሰ ስሜት ይዘው ይኖራሉ።

የግራው መቃጠልና መንዘር ግን አድጎ የደረሰ ነርቭ ድምፅ ነው። እጅ ደንዝዞ ደም ሲመለስለት እንደሚወረን ሁሉ፣ አዲስ ያደገ ክርም በመጀመሪያ የሚልከው መልእክት የተዛባ ነው፤ ቀላል ንክኪን እንደ ቃጠሎ፣ ምንም ያልነካውን እንደ ንዝረት አድርጎ ያቀርበዋል። ሁለቱ ጡቶች የተለያዩት ነርቮቹ በግራና በቀኝ አንድ ዓይነት መንገድ ስለማይከተሉ፣ የወጣው ሥጋ መጠንም እኩል ስለማይሆን ነው። ከጡትዎ በታች ያለው እንደ ካርቶን የሆነው ቆዳ ደግሞ ሐኪሙ ከሥሩ አላቅቆ እንደገና የዘረጋው ቆዳ ሳይሆን አይቀርም፤ ስሜቱ ከዳር ወደ ጠባሳው እየተጠጋ በዝግታ ይመለሳል፣ በጠባሳው ግራና ቀኝ ግን ጥቂት የደነዘዘ ጠርዝ መቅረቱ የተለመደ ነው።

ለውጡን ራስዎ መከታተል ይችላሉ። ከጥጥ ትንሽ ቆንጥረው ጫፏን እንደ ክር አሹለው ይጠምዝዟት። ዓይንዎን ጨፍነው የሚያምኑት ሰው በመጀመሪያ እጅዎን፣ ቀጥሎ ከጡትዎ ውጭ ያለውን ቆዳ፣ ከዚያ እያቀረበ እስከ ጫፉ ድረስ በጥጧ ይንካ፤ እርስዎ በተሰማዎት ቁጥር «አሁን» ይበሉ። ስሜቱ የቆመበትን ድንበር በብዕር ነጥብ ምልክት ያድርጉበትና ቀኑን ጽፈው ይያዙ። በወር አንድ ጊዜ ብቻ ይድገሙት፤ በየቀኑ የሚፈትሽ ሰው ለውጡን አያየውም። ሐኪም ቤት ውስጥ ይኸው ፍተሻ የሚደረገው ውፍረታቸው በደረጃ በተሠራ የናይሎን ክሮች ነው፤ እያንዳንዱ ክር ቆዳው ላይ ሲጫኑት በታወቀ ኃይል ስለሚጎብጥ፣ የተሰማዎት ቀጭኑ ክር የስሜትዎን ልክ ይናገራል።

ለግራው ጡት ቁስሉ ሙሉ በሙሉ ከደረቀና ሐኪምዎ ከፈቀዱ በኋላ ቆዳውን ማለማመድ ይረዳል። ሐር በመሰለ ልስልስ ጨርቅ በቀን ሦስት አራት ጊዜ ለጥቂት ደቂቃ ማሸት፣ ሲለመድ ወደ ጥጥ ጨርቅ፣ በመጨረሻ ወደ ፎጣ መሸጋገር ነው። ሸሽቶ መሸፈን ብቻውን የነርቩን ቁጣ ያረዝመዋል። ሕመሙ እንቅልፍ የሚነሳ ሆኖ ከቀጠለ ለነርቭ ሕመም የሚታዘዙ መድኃኒቶች ስላሉ ይታገሡት አልልዎትም፤ ለሐኪምዎ ይንገሩ። በጣትዎ ጫፍ ሊያሳዩት በሚችሉት አንድ ነጥብ ላይ ብቻ፣ በነኩት ቁጥር የሚወጋ ሕመም ለወራት ከቆየ ደግሞ የተቆረጠ ነርቭ ጫፉ ላይ ቋጠሮ ሠርቶ ሊሆን ስለሚችል ለብቻው መመርመር አለበት።

የነርቭ ቫይታሚኑን በተመለከተ፣ በደምዎ ውስጥ የቫይታሚን ጉድለት ካልተገኘ ነርቭ ቶሎ እንዲያድግ እንደሚያደርግ አስተማማኝ ማስረጃ የለም። ከዚህም በላይ ቫይታሚን ቢ6 በብዛትና ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ራሱ ነርቭ ይጎዳል። የያዙት እንክብል ምን ያህል ቢ6 እንዳለው አይተው ሐኪምዎን ሳያማክሩ አይቀጥሉ። የሚያጨሱ ከሆነ ግን ማቆምዎ ከየትኛውም እንክብል ይበልጣል።

አንድ ማስጠንቀቂያ ሳልሰጥ ማለፍ አልችልም። ከቀዶ ሕክምናው 3 ወር በኋላ አንዲት ታካሚ ወደ እኔ መጥተው ነበር፤ ለወር አበባ ሕመም ሆዳቸው ላይ ያደረጉት የሞቀ ውኃ የያዘ ጎማ ተኝተው ሳለ ወደ ላይ ተንሸራትቶ ከጡታቸው ሥር አርፏል። ምንም አልተሰማቸውም። ጠዋት ልብሳቸውን ሲለውጡ የሳንቲም ስፋት ያላቸው ሁለት ውኃ የቋጠሩ ቁስሎች አገኙ። የደነዘዘ ቆዳ ሙቀትንም ሆነ በረዶን አይነግርዎትም፤ የሞቀ ውኃ፣ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ፣ የፀጉር ማድረቂያና በጨርቅ ያልተጠቀለለ በረዶ ከዚያ ቦታ ይራቁ፤ የገላ መታጠቢያውንም ውኃ ሙቀት በእጅዎ ይፈትኑት።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ጡቷን ካስቀነሰች 6 ወር ሆኗታል። የጀርባ ሕመሟ ስለተወገደ ሁለታችንም ደስተኞች ነን። ነገር ግን ጡቷን ስነካት ትሸሻለች፤ «ምንም አይሰማኝም» ትለኛለች፣ አንዳንዴ ደግሞ «አመመኝ» ትላለች። ሁለቱ እንዴት አብረው ይሆናሉ? እኔስ ምን ላድርግ?

መልስ፦ ሁለቱም እውነት ናቸው። የንክኪን፣ የሙቀትንና የሕመምን መልእክት የሚያደርሱት የተለያዩ የነርቭ ክሮች ስለሆኑ፣ አንዱ ቀድሞ ሌላው ዘግይቶ ይመለሳል፤ ባለቤትዎ ቀላል ንክኪ ሳይሰማቸው ጫን ያለው ሊያማቸው ይችላል። አንድ ቦታ ላይ ደንዝዞ ከሁለት ጣት ርቀት በኋላ መቆጣቱም እንግዳ ነገር አይደለም።

እርስዎን የምለምንዎት ንግግሩን እንዲጀምሩ ነው። የትኛው ቦታ እንደሚሰማቸው፣ የትኛው እንደሚያማቸው እጅዎን ይዘው እንዲያሳዩዎት ይጠይቁ፤ እርስዎ ከመንካት ይልቅ እርሳቸው ይምሩዎት። ካርታው በየወሩ ስለሚለወጥ ዛሬ የተባሉትን ከሦስት ወር በኋላ እንደገና መጠየቅ ያስፈልጋል። «ሕመምሽ ከዳነልሽ ይህ ምን አለበት» የሚል ቃል ግን ከአፍዎ አይውጣ። ሕመሙ መዳኑና ይህ መጉደሉ አንዱ ሌላውን አይሰርዘውም፤ ባለቤትዎ ስለ ሁለቱም የመናገር መብት አላቸው።

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 55 ነው፤ የስኳር ሕመምተኛ ነኝ። ጡቴ በጣም ትልቅና የወረደ በመሆኑ ሐኪሜ የጡቱ ጫፍ ሙሉ በሙሉ ተነሥቶ እንደ ቆዳ ንቅለ ተከላ በአዲሱ ቦታ መተከል እንዳለበት ነገሩኝ። ከዚያ በኋላ ምንም ስሜት አይኖረኝም ማለት ነው?

መልስ፦ ይህን ስልት ማክስ ቶሬክ የተባሉት የቺካጎ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1922 አስተዋውቀውት እስከ ዛሬ ለተወሰኑ ሴቶች ይመረጣል። ጫፉ ወደ አዲሱ ቦታ ለመድረስ የሚጓዘው ርቀት በጣም ረጅም ሲሆን ረጅሙ ፔዲክል ጫፉን በደም ሊመግበው ላይችል ይችላል፤ የስኳር ሕመምና ሲጋራ ማጨስ ደግሞ ይህን አደጋ ያባብሱታል። ሐኪምዎ ያሰቡት ጫፉ ከነጭራሹ እንዳይጠፋ በመሆኑ ምክሩ ምክንያት ያለው ነው።

ሆኖም ዋጋው በግልጽ ሊነገርዎ ይገባል። ጫፉ ከሥሩ ተላቅቆ ስለሚነሣ ነርቮቹ በሙሉ ይቆረጣሉ፤ የወተት ቱቦዎቹም እንዲሁ። ከተተከለ በኋላ ከሥሩ ካለው ሥጋና ከዙሪያው ካለው ቆዳ ትናንሽ ነርቮች ቀስ በቀስ ስለሚገቡበት፣ ብዙ ሴቶች በወራት ውስጥ መነካቱን፣ መወጋቱን ወይም መሞቁን የመለየት ያህል ስሜት ያገኛሉ፤ እንደ ቀድሞው ያለ ልዩ የጫፍ ስሜት ግን እንዲመለስ መጠበቅ የለበትም። ጫፉም ጠፍጠፍ ሊል፣ ቀለሙም በቦታ በቦታው ሊነጣ ይችላል፤ ይህ መንጣት በጥቁር ቆዳ ላይ ይበልጥ ጎልቶ ይታያል።

ከመወሰንዎ በፊት ሁለት ነገር ያጣሩ። አንደኛ፣ ጫፉን በፔዲክል ማቆየት ፈጽሞ አይቻልም ወይስ አደጋው ከፍ ያለ ነው የሚለውን በቀጥታ ይጠይቁ፤ ሁለቱ የተለያዩ መልሶች ናቸው፣ አንዳንድ ሐኪሞችም ውሳኔውን የሚያጸኑት በቀዶ ሕክምናው መካከል ጫፉ ደም ማግኘቱን አይተው ነው። ሁለተኛ፣ ስኳርዎ ነርቮችዎን ምን ያህል እንደነካ ይመርመሩ፤ የእግር ጣቶችዎ አስቀድመው የሚደነዝዙ ከሆነ የተቆረጠ ነርቭ መልሶ የማደግ አቅሙም ደካማ ሊሆን ይችላል። ስኳሩን ከቀዶ ሕክምናው በፊት ባሉት ወራት በሚገባ መቆጣጠር ለቁስሉም ለነርቩም ይጠቅማል።

ጥያቄ፦ የ24 ዓመት ወጣት ነኝ፤ ገና አልወለድኩም። ጡቴን ባስቀንስ የጫፉ ስሜት መቀነስ ጡት ከማጥባት ጋር ግንኙነት አለው? ወይስ ማጥባት የሚከለክለው የወተት ቱቦው መቆረጥ ብቻ ነው?

መልስ፦ ግንኙነት አለው፤ ብዙ ጊዜ የማይነገረውም ይኸው ነው። ሕፃኑ ጫፉን ሲጠባ የጫፉ ነርቮች መልእክቱን በአከርካሪ በኩል ወደ አንጎል ያደርሳሉ፤ አንጎልም ወተት የሚያመርተውን ፕሮላክቲንና ወተቱን ወደ ጫፉ የሚገፋውን ኦክሲቶሲን ያመነጫል። ቱቦው ደኅና ሆኖ ነርቩ ከተጎዳ ይህ ሰንሰለት ይዳከማል። በዚህ ምክንያት ነርቩን የሚያተርፈው ስልት ማጥባትንም የሚረዳ ሆኖ ይገኛል።

እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ አንድ ግምገማ ቀደም ሲል የተደረጉ በርካታ ጥናቶችን አሰባስቦ፣ ከጫፉ ሥር እስከ ደረት ግድግዳ ያለው የጡት ሥጋ ዓምድ ሙሉ በሙሉ ሳይቆረጥ የሚቀርባቸውን ስልቶች፣ በከፊል የሚቀርባቸውንና ጨርሶ የማይቀርባቸውን ለይቶ አነጻጽሮአል። የማጥባት መሳካት መካከለኛ ግምት በመጀመሪያዎቹ 100 በመቶ፣ በሁለተኛዎቹ 75 በመቶ፣ በሦስተኛዎቹ 4 በመቶ ሆኖ ተገኝቷል። ቁጥሩን በጥንቃቄ ይመልከቱት፤ «ተሳካ» ማለት በየጥናቱ አንድ ዓይነት ትርጉም የለውም፣ ተጨማሪ ወተት እየሰጡ ያጠቡ እናቶችም ተቆጥረዋል። ልዩነቱ ግን ችላ የሚባል አይደለም። ስለዚህ ለሐኪምዎ ወደፊት ማጥባት እንደሚፈልጉ በግልጽ ይንገሩና ይህ ዓምድ ሳይቆረጥ ይቀር እንደሆነ ይጠይቁ። ሕመምዎ የሚታገሡት ከሆነ ወልደው እስኪያጠቡ መቆየትም አንድ ምርጫ ነው፤ የማይቻል ከሆነ ግን ለዓመታት በሕመም ይጠብቁ የሚል ምክር አልሰጥም።

ካስቀነሱ በኋላ የቀዶ ሕክምናውን ሙሉ ማስታወሻ ግልባጭ ይቀበሉና ያስቀምጡ፤ የፔዲክሉ ዓይነትና ከእያንዳንዱ ጡት የወጣው ግራም በውስጡ መኖሩን ያረጋግጡ። ሲያረግዙ ለሚከታተልዎ ሐኪምና ለአዋላጅዋ አስቀድመው ያሳዩት። ከወለዱ በኋላ ሕፃኑ ጡት ላይ መቆየቱ ብቻ ጠግቧል አያሰኝም፤ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ክብደቱ ተደጋግሞ ይመዘን፣ ከ5ኛው ቀን በኋላም በ24 ሰዓት ውስጥ ቢያንስ ስድስት ጊዜ ሽንት መሽናቱን ይቁጠሩ፤ ከዚህ ካነሰ በዚያው ቀን ወደ ጤና ባለሙያ ይዘውት ይሂዱ።